ፈጣን አውቶሞቢል ስለ መምረጥ

በዛሬው ዘመን ገንዘብ አጠራቅሞ ፈጣን አውቶሞቢል ለመግዛት የሚነሣ ሰው ከሻጩ ዘንድ ቀርቦ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የሞተሩ ጉልበት የስንት ፈረስ ኃይል ነው የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎሜትር ለመድረስ ስንት ሰኮንድ ይፈጅበታል የሚል ነው። ሻጩም ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ገዥውም ከሌላ አውቶሞቢል ቁጥር ጋር አስተያይቶ ያነሰውን ሰኮንድ ይመርጣል። መሪው በእጅ ላይ ምን እንደሚሰማ፥ ፍሬኑ ሲረገጥ ለእግር ምን እንደሚያስታውቅ፥ አውቶሞቢሉ ከጠመዝማዛ ሲገባ ክብደቱን ወዴት እንደሚጥል የሚጠይቅ ግን ከብዙዎቹ መካከል ጥቂት ነው።

ይህን የምንጽፈው ፍጥነትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ፈጥኖ መድረስ መልካም ነገር መሆኑን የማያውቅ የለምና። የምንጽፈው በፍጥነት የሚበልጠው አውቶሞቢልና ከነጂው ጋር የሚግባባው አውቶሞቢል ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ለማስታወስ፥ ሁለቱም ጠባይ በአንድነት ሳይገኝ ሲቀርም የትኛው ሊቀድም እንደሚገባው ለመመርመር ነው። ለምርመራውም የሰቆጣንና የዋግ ኽምራን ደጋ መንገድ መርጠናል። ለምን ቢሉ፥ በሜዳ ላይ ተሸሽጎ የሚኖረው የአውቶሞቢል ጉድለት በዚያ አገር ገደል ላይ ወዲያው ይገለጣል።

አባቶቻችን ይህንኑ ጉዳይ በፈረስና በበቅሎ ላይ አስቀድመው ጨርሰውት ነበር። የቀድሞ መኳንንት ረጅም መንገድ ሲጓዙ በሠጋር በቅሎ ይቀመጡ ነበር እንጂ በጦር ፈረሳቸው አይቀመጡም ነበር፤ ፈረሱ ኮርቻውን እንደ ተጫነ በስተጎን እየተሳበ ይሄድና ለጦርነት ወይም ለጉግስ ሜዳ ሲገኝ ብቻ ይቀመጡበታል። ይህን ማድረጋቸው በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ዘገምተኛ መሆኗን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። በቅሎ እግሯን የምታሳርፍበትን ድንጋይ የምትመርጥ፥ በገደል አፋፍም የማትደነብር ስለሆነች፥ ማታ ከሰፈሩ በደኅና የምታደርሳቸው እርሷ መሆኗን ስላወቁ ነው። በፈረሱም ቢሆን አዋቂ ሰው ሲገዛ ሽምጥ ሲጋልብ ብቻ አይቶ አይዋዋልም። ልጓሙ በቀስታ ሲሳብ የሚሰማ፥ በእርካብ ሲነካ የሚገባው መሆኑን ይፈትናል። አፈ ጠንካራ ፈረስ የቱንም ያህል ቢሮጥ በጉግስ ሜዳ ጌታውን ያዋርደዋል፤ ጉግስ መሮጥ ብቻ ሳይሆን መዞርም፥ ድንገት መቆምም፥ መልሶ መነሣትም ነውና። የዋግ አገው ወንድሞች የሆኑት የአዊ አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓላቸውን ሲያከብሩ ከጉግሱ ሌላ የስግሪያ ትርኢት ማቅረባቸው፥ የፈረስ ውበቱ በሩጫው ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ጃፓኖችም በፈረስ ተቀምጦ ቀስት ከመወርወር ጥበብ የመጣ አንድ አነጋገር አላቸው፤ «ጂንባ ኢታይ» ይሉታል፥ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል ሆኑ ማለት ነው። የማዝዳ ፋብሪካ በ1981 ዓ.ም. «ኤም ኤክስ 5» የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውቶሞቢል ሲያወጣ ይህን አነጋገር የሥራው መመሪያ አደረገው። የመጀመሪያይቱ ጉልበት 120 የፈረስ ኃይል የማይሞላ፥ ክብደቷም ከአንድ ቶን ያነሰ ነበር። በቁጥር ብቻ ለሚመዝን ሰው የምታስጎመጅ አይደለችም። ነገር ግን እርሷና በስሟ የተተኩት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል፤ የገዛቸውም ሰው ሁሉ ከእነርሱ የሚፈጥን አውቶሞቢል መኖሩን እያወቀ የገዛ ነው።

አሁን ወደ ዋግ እንመለስ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተምዕራብ ያለው የተከዜ ሸለቆ ግን ከ1,200 ሜትር በታች ይወርዳል። ከላሊበላ በቢልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ የሚመጣው መንገድ፥ ከኮረም የሚመጣውም፥ ከከተማይቱ ወደ ዝቋላና ወደ ሰሐላ ቆላ የሚወርደውም ሁሉ በተራራ ወገብ የሚጠመዘዝ ነው። በዚህም መንገድ የሚሄደው ተሽከርካሪ ብቻ አይደለም፤ በገበያ ቀን አህያ ከነጭነቱ፥ የፍየል መንጋ፥ ማር የተሸከመ ገበሬ፥ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ሁሉ በአንዱ ጠባብ መንገድ ይተላለፋሉ።

በከፍታ ላይ ደግሞ አየር ይሳሳል። በሰቆጣ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የጎደለ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፥ አየሩን የሚያምቅ ቱርቦ የሌለው ሞተር በፋብሪካው ወረቀት ላይ 100 የፈረስ ኃይል ተብሎ ቢጻፍለት በሰቆጣ ከ80 እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ገዥው በአዲስ አበባ ተቀምጦ የተመካበት ቁጥር ገና መንገዱን ሳይጀምር ተሸርፏል ማለት ነው፤ አዲስ አበባም ራሷ ከሰቆጣ ከፍ ያለች ናትና ቀድሞውኑ ሙሉውን አግኝቶት አያውቅም።

በዋግ አገር ፈጣን አውቶሞቢል ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለማን ነው ቢባል፥ መልሱ ለአምቡላንስ ነው። ምጥ የጸናባት እናት ከተከዜ ቆላ ተነሥታ በሰቆጣ ከተማ ካለው ከተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረስ ሲኖርባት የጊዜ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻም። በአገራችን ገጠር ለዚህ ሥራ በብዛት የሚታየው ባለ ጠንካራ አካሉ የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚሠሩበት ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ጉልበቱም 130 የፈረስ ኃይል ያህል ብቻ ነው። የፈጣን መኪና ወዳጅ ይህን ቁጥር ቢያነብ ይስቃል። ነገር ግን ዳገቱ ከመድረሱ በፊት ማርሹን ወደ ሦስት ወይም ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ፥ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፥ ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንሸራተት በመሪው በኩል በእጁ እየተሰማው የሚነዳ አዋቂ ሾፌር በዚያ መንገድ ላይ ከማንም ዘግይቶ አይደርስም። ከበስተኋላ የተኛችውንም እናት አያንገላታትም።

ነገሩን በሒሳብ ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። ከ60 ኪሎሜትር መንገድ ውስጥ ቀጥ ያለው 10 ኪሎሜትር፥ ጠመዝማዛው 50 ኪሎሜትር ነው እንበል። በቀጥተኛው ላይ በሰዓት 70 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረው ወደ 100 ቢያደርሰው የሚያተርፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። በጠመዝማዛው ላይ ግን በሰዓት 25 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረው አውቶሞቢሉን በማመን 30 ቢያደርሰው 20 ደቂቃ ያተርፋል። ያችን አምስት ኪሎሜትር የሚሰጠው ትልቅ ሞተር አይደለም፤ በመሪ የሚታዘዝ፥ በፍሬን የማይከዳ፥ ምን ሊያደርግ እንደሆነ አስቀድሞ ለነጂው የሚያስታውቅ አውቶሞቢል ነው እንጂ።

የአደጋውም ሒሳብ እንዲሁ ነው። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል በአንድ ሰኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ100 ከሆነ 28 ሜትር ነው። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰኮንድ ቢያልፍ፥ ጠጠሩም በመጠኑ የሚይዝ ቢሆን፥ በ60 የሚሄደው ለመቆም 45 ሜትር፥ በ100 የሚሄደው ግን ከ100 ሜትር በላይ ይፈልጋል። በተራራ ጠመዝማዛ ላይ ከፊት የሚታየው መንገድ ብዙ ጊዜ ከ50 ሜትር አይበልጥም። ከፍጥነቱ የሚከፋው ደግሞ ፍጥነቱ የማይሰማበት አውቶሞቢል ነው። መስኮቱ ድምፅ የማያሳልፍ፥ መሪው እንደ ጥጥ የላላ፥ ወንበሩ እንደ ሶፋ የተመቸ ሲሆን፥ ነጂው በ90 እየሄደ በ50 የሚሄድ ይመስለዋል። ቁልቁለትን ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ ሾፌሮችን ሁላችንም እናወግዛለን፤ ሞተሩ ጎማውን እንዳይዝ ለቅቀው ፍሬኑን ብቻ እስኪግል ያሠሩታልና። መሪው ምንም የማይነግረው አውቶሞቢል ውስጥ የተቀመጠ ባለጸጋስ ከእነዚህ በምን ይለያል?

የውጭ አገር ምስክር የሚሻ ቢኖር በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ሲደረግ የኖረው የሳፋሪ ውድድር አለለት። በ1957 ዓ.ም. የኬንያው ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ያሸነፈው ሌሎች ተወዳድረው በተዉት አሮጌ ቮልቮ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ይኸው ሰው ባለ 1.6 ሊትር ሚትሱቢሺ ላንሰር እየነዳ፥ ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልዴጎርድ የነዳውን እጅግ የሚበልጥ ጉልበት ያለውን ፖርሼ ሁለተኛ አስቀረው። በጭቃና በአቧራ መካከል የተፈተነው የሞተር ብርታት ብቻ አልነበረም።

በዚህ ላይ ሊቃወመን የሚችል ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። ጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታውቋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና በሰቆጣም ሆነ በጣርማ በር ጉልበቱ በከፍታ ምክንያት አይቀንስም፤ ገና እግር ሲነካው ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ከባድ ካሚዮንን ቀድሞ ለማለፍ በግራው መንገድ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ስለሆነ፥ ይህ ፍጥነት ሕይወት የሚያድንበት ጊዜ አለ። ማርሽ ስለሌለውም ለጀማሪ ነጂ ይቀላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ባትሪው ከባድ ስለሆነ ተመሳሳይ መጠን ካለው የቤንዚን አውቶሞቢል ብዙ መቶ ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ክብደት ደግሞ በቀጥታ መንገድ ላይ ባይታይም በጠመዝማዛና በፍሬን ጊዜ ዕዳውን ያስከፍላል። ከዚህም ሌላ ሻጮች እምብዛም የማያነሡት አንድ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ ባትሪውን እየሞላ ያቀዘቅዘዋል፤ ለፍሬኑም ትልቅ ዕረፍት ነው። ባትሪው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ግን የሚመነጨው ኃይል የሚገባበት ስፍራ ስለሌለ ይህ እርዳታ ይቀንሳል። በደብረ ብርሃን ባትሪውን እስከ ጫፍ ሞልቶ፥ ከጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ነጂ ይህን ሳያውቅ ቢቀር፥ በሌላ ቀን የለመደው ማቀዝቀዝ በዚያን ቀን ከእግሩ ሥር ሲጠፋበት ይደነግጣል። ወደ ዋግ በደሴ በኩል የሚሄድ ሁሉ በዚህ ቁልቁለት ያልፋል።

የአውሮፓና የእስያ ፋብሪካዎችም ራሳቸው ከዚህ አሳብ ጋር ሲታገሉ ይታያሉ። ፖርሼ በ2005 ዓ.ም. «911 ጂቲ 3» የተባለውን ዓይነት ሲያወጣ የእጅ ማርሹን አስቀርቶ ራሱ የሚቀይረውን ብቻ አደረገበት፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ቅያሪ ከሰው እጅ ይፈጥናል። ወዳጆቹ ግን አጉረመረሙ። በ2008 ዓ.ም. የእጅ ማርሽ ያለውን «911 አር» 991 ብቻ ሠርቶ ሲያቀርብ ገዥዎች ተሻሙበት፤ በሚቀጥለውም ዓመት የእጅ ማርሹ ወደ ጂቲ 3 ተመለሰ። የሚዘገየውን ለማግኘት ገንዘብ የሚጨምር ሰው ሞኝ ነው የሚል ይኖራል፤ እኛ ግን ሞኝነቱ አልታየንም። ሂዩንዳይ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ከ600 የፈረስ ኃይል በላይ ያለውን «አዮኒክ 5 ኤን» የተባለ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሲያወጣ፥ ማርሽ የሌለውን ሞተር ስምንት ማርሽ ያለው አስመስሎ እንዲነጥቅና እንዲጮኽ አደረገው። ነጂው ሥራ አጥቶ እንዳይቀመጥ ሲሉ የሌለውን ማርሽ ፈጠሩለት ማለት ነው። ነገሩ ያስቃል፤ የፋብሪካው ሰዎች ግን ምን እንደ ጎደለ አውቀዋል።

ስለዚህ ፈጣን አውቶሞቢል ሊገዛ የተነሣ ወገናችን በቀለበት መንገድ ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ አስነሥቶ በማየት እንዳይረካ እንመክረዋለን። ወደ እንጦጦ ይውጣ፤ ዳገቱን በዝግታ እየነዳ ሞተሩ መቼ እንደሚደክም ያዳምጥ። ከዚያም ወደ ሽሮ ሜዳ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረድ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነም ባትሪው ሞልቶ ሳለ ይውረድ። ፍሬኑን ደጋግሞ ከነካ በኋላ ፔዳሉ እንደ መጀመሪያው ጠንክሮ እንደ ጠበቀው ወይም ወደ ታች እየሰጠመ እንደ ሄደ ያስተውል። የፍጥነት መለኪያውን ሳያይ ስንት ኪሎሜትር እየሄደ እንደሆነ ይገምት፤ ከዚያ አይቶ ግምቱን ያመዛዝን። ግምቱ ከእውነተኛው በ20 ኪሎሜትር ያነሰ ሆኖ ካገኘው፥ ያ አውቶሞቢል የቱንም ያህል ቢያምር ለዋግ ገደል የሚሆን አይደለም። ሻጩ ይህን ያህል ጊዜ አልሰጥም ቢል ሌላ ሻጭ አለ።