በድሬዳዋ አደባባይ ስለሚታዩ የሃይማኖት ምልክቶችና ስለ ሕጉ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡሩ ጋራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ይለያል፤ መንገዱ ግን የጋራ ነው። በከተራ ታቦታት ሲወጡ ጎዳናው በአረንጓዴ፥ በብጫና በቀይ ጨርቅ ያሸበርቃል፤ በኢድ ሕዝበ ሙስሊሙ ለሶላት ወደ ሜዳ ይወጣል፤ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን የቍልቢ ገብርኤል ተሳላሚ በከተማዪቱ ያልፋል።

በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ ነበረች፤ አንቀጽ 40 ደግሞ የሌሎችን ሥርዓት በሕግ ወሰን ይፈቅድ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን የጥምቀት በዓል የመንግሥት በዓል ጭምር ነበረ። የእስልምና በዓላት በሕዝብ በዓልነት የታወቁት በ1967 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያየ፤ በአንቀጽ 27 እምነትን በጋራም ሆነ በይፋ የመግለጽን መብት አጸና። ስለ አደባባይ ምልክት በስም የሚናገር ቃል ግን የለውም።

ስለዚህ ነገሩ ምልክቱን ባቆመው ሰውና በሚቆይበት ጊዜ ይመዘናል። ምእመናን ይዘውት ቢያልፉ አንቀጽ 27 ይጠብቃቸዋል፤ አስተዳደሩ በገዛ ሕንጻው ላይ የራሱ አድርጎ ቢሰቅለው አንቀጽ 11 ይነካል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1989 በፒትስበርግ ጕዳይ በፍርድ ቤት ሕንጻ ውስጥ ብቻውን የቆመውን የልደት ምስል ሲከለክል፥ በሌላ የመንግሥት ሕንጻ ደጅ ከዛፍ አጠገብ የቆመውን የአይሁድ መቅረዝ ፈቅዷል።

አስቸጋሪው ለጊዜው ተብሎ ቆሞ የሚቀረው ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድና አደባባይ የሕዝብ መገልገያ ስለ ሆነ፥ ማንም ዘመን ቈጥሮ ባለሀብት አይሆንበትም። ልማድ ግን ከሕጉ ይለያል፤ ታቦት ለብዙ ዓመት ያደረበት ሜዳ ጥምቀተ ባሕር ይባላል፥ ስሙም ራሱ የይዞታ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

የጨርቁ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በአንቀጽ 3 የሰንደቅ ዓላማው መካከል ዓርማ አለበት፤ ለበዓል የሚሰቀለው ጨርቅ ግን ብዙ ጊዜ ዓርማ የለውም። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ሲለው ሌላው የፖለቲካ ምልክት ይለዋል። በቅርብ ዓመታት በየስፍራው የተነሣው ጠብ ከመስቀሉ ይልቅ በዚህ ጨርቅ ላይ መሆኑ ሊጤን ይገባዋል። ፈቃድ ሰጪው ሹም ለአንዱ በዓል የፈቀደውን የቀን ብዛትና የመንገድ ርዝመት ለሌላውም መፍቀድ ግዴታው ነው፤ አንቀጽ 25 በሃይማኖት ምክንያት ማበላለጥን ይከለክላልና።