ጎጆ ለሚወጡ ሰዎች፤ በጣራ ገዳምና በደብረ ታቦር አገር የቤትና የእርሻ ሥራ ቅደም ተከተል

አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተጋብተው ከወላጆቻቸው ቤት በሚወጡበት ጊዜ ሁለት ታላላቅ ሥራዎች በአንድነት ይጠብቋቸዋል። አንደኛው የሚያድሩበትን ቤት መሥራት ነው፤ ሁለተኛውም የሚበሉትን እህል ከመሬት ማውጣት ነው። ኹለቱም ሥራዎች ብርቱ ጉልበት የሚሹት ከዝናም በፊት ነው፤ ክረምትም ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ቤቱን ለማሳመር ሲደክም የእርሻውን ወራት ያሳለፈ ሰው፥ ነሐሴ ሲገባ ባማረ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እህል ተበዳሪ ይኾናል። የተበደረውንም በመኸር ሲከፍል ጎተራው ባዶ ይቀራል፤ በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ። ንጉሥ ሰሎሞን በመጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 24 አስቀድሞ በሜዳ ያለውን ሥራ ማሰናዳት፥ ቤትንም ከዚያ በኋላ መሥራት እንዲገባ የመከረው ምክር ለዚህ ነገር እጅግ የተስማማ ነው።

ይህ ማለት ግን ቤት አይሠራ ማለት አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያኽል ከፍ ያለች ናት፤ ከበላይዋ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በእንደዚህ ያለ ደጋ ያለ መጠለያ ክረምትን ማሳለፍ አይቻልም። ወደ ምዕራብ ወርዶ በአዲስ ዘመን በኩል በጣራ ገዳም ግርጌ ያለው አገር ሞቅ ይላል፤ ዝናሙ ግን በዚያም ብርቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ክረምቱን የምታሻግር ትንሽ ጎጆ ትበቃለች፤ ታላቁ ቤት ሁለት መኸር ከገባ በኋላ ይደርሳል። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ይቈጥሩታል፤ በተለይም አማቾች። ይሁን እንጂ የሙሽራ ቤት በትልቅነቱ ሳይኾን ባለ ዕዳ ባለ መኾኑ ቢመሰገን ይሻላል።

ስለ መሬቱ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ኾነ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደነገገ። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ከወላጆቻቸው ይዞታ ተቈርሶ የሚሰጣቸውን ነው። ስለዚህ ሁለት ጥማድ፥ ማለትም ግማሽ ሄክታር ያኽል የደረሰው ሰው እንደ ዕድለኛ ይቈጠራል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ቈይቷል፤ በደብተሩም የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል። ባልና ሚስት ምሰሶ ከማቆማቸው በፊት የተሰጣቸው መሬት ወሰኑ ተለይቶ በስማቸው መመዝገቡን ያረጋግጡ። በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ቤት የሠሪው ንብረት ነውና፥ ወሰኑ ባልተለየ መሬት ላይ የተሠራ ቤት በወንድማማቾች መካከል የሚያስነሣውን ክርክር ሽማግሌዎች ኹሉ ያውቁታል።

የቤቱ ቦታ የሚመረጠው በበጋ አይደለም፤ በነሐሴ ነው። በዚያ ወር ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድና የት እንደሚተኛ ምድሪቱ ራሷ ታሳያለች፤ በጥር ግን ቦታው ኹሉ ደረቅና ያማረ ይመስላል። ዋልካ መሬት ላይ ቤት መሥራት አይገባም። ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋም ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም እየገፋና እየሳበ ያጣምመዋል። ደግሞም ዋልካ ለጤፍና ለሽምብራ የሚበጅ መሬት ስለ ኾነ ቤት ቢቀመጥበት ጥፋቱ ድርብ ነው። የሚሻለው ድንጋያማና ለእርሻ የማይመች፥ ትንሽ ዘንበል ያለ ቀይ መሬት ነው። ከቤቱ በላይ በኩል ፈሰስ ተቈፍሮ ውሃው በግራና በቀኝ እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህን ፈሰስ ያልቈፈረ ሰው በየዓመቱ የግድግዳውን ሥር እንደገና ሲለስን ይኖራል።

አኹን ስለ እንጨት። ከሥራው ኹሉ ብዙ አሳብ የሚሻው ይህ ነው። የቀድሞ ሰዎች ምሰሶውንና ቋሚውን ከጽድና ከወይራ ያደርጉ ነበር፤ የእነዚህ ዛፎች ልባቸው ምስጥንና ርጥበትን ብዙ ዘመን ይቋቋማልና። ዛሬ በደቡብ ጎንደር እንደዚህ ያሉ የአገር ዛፎች በብዛት የቀሩት በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ በጣራ ገዳም ተራራ ላይ ያለው ደን ነው። ሰፈሩ ኹሉ እርሻ ኾኖ በመካከሉ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ይኸው ነው። ጎጆ የሚወጣ ጐልማሳ ከሩቅ ሲያየው አንድ ምሰሶ ብቻ ቢቈርጥ ምንም የማይጐድል ይመስለዋል፤ ነገር ግን በየዓመቱ ጎጆ የሚወጣው ጐልማሳ ብዙ ነው። ወይራ ደግሞ እጅግ ዝግ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ አባት የተከለውን ለምሰሶ የሚቈርጠው የልጅ ልጅ ነው። በደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳሳዩት፥ ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ የበቀለው ቡቃያ እየተበላና እየተረገጠ ሳያድግ ይቀራል፤ ከብት በተከለከለበት ቦታ ግን ይነሣል። ስለዚህም በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ክበዋል። ምሳር ከከብት የባሰ እንደ ኾነ መናገር አያሻም።

ለድኻ ቤት የሚበቃው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ የተስፋፋ ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቈርጡትም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። የሚነቀፍበትም ነገር አለ። ሥሩ ውሃን አብዝቶ ይስባል፤ በአጠገቡ ያለ እህል ይቀጭጫል። ስለዚህ ከምንጭና ከእርሻ ርቆ በሸለቆ አፋፍ ወይም በድንጋያማ ገደል መተከል ይገባዋል። ታላቁን ቤት በአምስተኛው ዓመት ለመሥራት ያሰበ ሰው ችግኙን የሚተክለው በመጀመሪያው ክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ቤቱ በገደሉ ላይ ቆሞ እያደገ ይጠብቀዋል። ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ልጡ ወዲያው ተልጦ በጥላ መድረቅ አለበት፤ ርጥቡን ያቆሙት እንደ ኾነ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃልም። ወደ መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት መለብለብ የቈየ ልማድ ነው፤ ጥቂት ዓመት ይጨምርለታል፤ ነገር ግን ከጽድ ጋር አያስተካክለውም።

የሥራው ጊዜ እንዲህ ይከፈላል። በኅዳርና በታኅሣሥ እህሉ ሲታጨድ፥ ለክዳን የሚኾነው ሰንበሌጥም ከብት ሳይደርስበት ታጭዶ ይከመራል። በጥር እንጨቱ ይቀርባል። በየካቲት ምሰሶው፥ ቋሚውና ማገሩ ይቆማል፤ ጣራውም ይከደናል። ጭቃው የሚመረገው ከክዳን በኋላ ነው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጦ ጥቂት ቀን ማቡካት ያሻል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ሁለተኛው ልስን ይደረብበታል። ይህ ኹሉ በመጋቢት ማለቅ አለበት፤ ሚያዝያና ግንቦት የበሬ ወራት ናቸውና። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ሦስትና አራት ጊዜ፥ ከዚያም በላይ መታረስ ይወዳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ጐልማሳ ደግሞ መቀናጆውን መጠበቅ አለበት፤ ተራው በደረሰበት ቀን ጭቃ ሲረግጥ ከተገኘ ተራው ያልፋል። ቅዳሜና እሑድ፥ ሚካኤል፥ ማርያም፥ መድኃኔ ዓለምና ባለ ወልድ ሲቀነሱ ለእርሻ የሚቀረው ቀን ጥቂት እንደ ኾነ ያልቈጠረ ሰው ኹልጊዜ ጊዜ ያለው ይመስለዋል።

ደቦ መልካም ነገር ነው፤ በአንድ ቀን የአንድ ወር ሥራ ይሠራል። ዳሩ ግን ደቦ ነጻ አይደለም። ለጠላው የሚጠጣው ገብስና ለእንጀራው የሚወጣው ጤፍ ከዘር እህል ላይ የተነሣ እንደ ኾነ፥ ሰውየው ጣራውን የከደነው በሚመጣው ዓመት እህሉ ነው። ክዳንና ምርጊት የብዙ ሰው ጉልበት ስለሚሹ ለእነዚህ ሁለት ቀን ብቻ ደቦ ቢጠራ፥ ሌላው ከጎረቤት ጋር በወንፈል ቢሠራ ይሻላል። ወንፈል ጉልበትን በጉልበት መክፈል ነው፤ ጎተራን አይነካም።

ሚስት በዚህ ጊዜ የምትይዘው ጓሮ ከእርሻው አስቀድሞ ያበላል። ድንች፥ ጎመንና ጌሾ የቤቱ አመድና ፍግ በሚደርስበት ቦታ ይተከላሉ። ድንች በደብረ ታቦርና በጋይንት ደጋ የሚስማማ ተክል ነው፤ ገብስና ጤፍ ሳይደርሱ በክረምቱ መካከል ስለሚነሣ የነሐሴን ብድር የሚያስቀር እርሱ ነው። ከጓሮው በስተኋላ፥ ከምንጭም በታች መጸዳጃ ጕድጓድ መቈፈር ከቤቱ ሥራ ጋር ተቈጥሮ የሚፈጸም እንጂ ለሌላ ዓመት የሚቀጠር አይደለም። የዓይን ማዝን ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚያደርስ ዝንብ በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ይራባልና። በአማራ ክልል ይህ ደዌ ብዙ ሰው ያሳወረ ነው።

ሁለት መኸር በደኅና የገባለት ሰው ሣሩን በቆርቆሮ ሊለውጥ ያስባል። ቆርቆሮ እሳትን አይፈራም፤ በየጊዜውም እድሳት አይፈልግም። ነገር ግን ከሣር ክዳን የሚለይበት ጠባይ አለው። የምድጃ ጢስ በሣሩ መካከል እየሾለከ ይወጣ ነበር፤ ክዳኑንም ከነፍሳት ይጠብቀው ነበር። በቆርቆሮ ቤት ግን መውጫ አጥቶ የሴቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጐዳል። ስለዚህ ቆርቆሮ የሚያለብስ ሰው አስቀድሞ ማድ ቤቱን ለብቻው በሣር ክዳን ይሥራ፤ ትንሿ የመጀመሪያ ዓመት ጎጆ ካልፈረሰች ለዚህ ትበቃለች። ጥቅሙ ደግሞ ውሃ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ይኾናል፤ ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣራ 10 ሚሊ ሜትር በዘነመበት ቀን 400 ሊትር ይሰጣል። ይህም 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን 20 ጊዜ ከምንጭ ተሸክሞ እንደ መምጣት ነው። አሸንዳው ወደ በርሜል ዘንበል ብሎ እንዲሰቀል፥ የመጀመሪያውም ዝናም ጣራውን አጥቦ በከንቱ እንዲፈስ፥ በርሜሉም ትንኝ እንዳይገባበት በክዳን እንዲዘጋ ያስፈልጋል። መምህራን ይህን ስሌት በትምህርት ቤቱ ጣራ ላይ ከልጆቹ ጋር ለክተው ቢያሳዩ፥ ልጆቹ ማታ ወደየቤታቸው ሄደው የአባታቸውን ጣራ መለካታቸው አይቀርም።