በሰንበት እሳት የማይነድበት ቤት

ድሬዳዋ ውስጥ ኦሪትን ጨርሶ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥቶ የገብርኤልን ታቦት በእልልታ የሚያጅበው ክርስቲያን፣ ታቦት ሙሴ በሲና ተራራ የተቀበለውን ጽላት እንደሚያስታውስ ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል። መጋላ ያለው ሙስሊም ጎረቤቱም አላህ ለነቢዩ ሙሳ ተውራትን ማውረዱን ያምናል፤ በተወረዱት መጻሕፍት ማመን ከእምነቱ መሠረቶች አንዱ ነውና። ሁለቱም ግን መጽሐፉን የሚያውቁት በየራሳቸው ሃይማኖት በኩል ነው። አይሁድስ ራሳቸው እንዴት ይይዙታል? ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደርና ሰሜን፣ ትግራይም ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት በኦሪት ሕግ የኖሩ፣ ቤተ እስራኤል የተባሉ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ነበሩ። የእነርሱ ታሪክ ስለ መጽሐፉ የሚያስተምረን ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አይሁድ ኦሪትን ቶራ ይሉታል፤ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ማለታቸው ነው፦ ዘፍጥረት፣ ዘጸአት፣ ዘሌዋውያን፣ ዘኁልቁና ዘዳግም። ነቢያትንና መዝሙረ ዳዊትን የመሰሉ ሌሎች ቅዱሳት መጻሕፍትም አሏቸው፤ ነገር ግን በክብር ከቶራ የሚስተካከል የለም። ሊቃውንቶቻቸው በውስጡ 613 ትእዛዛት ይቆጥራሉ፤ 248ቱ አድርግ፣ 365ቱ አታድርግ የሚሉ ናቸው። ጸሎትና ጾም ብቻ አይደሉም። ምን እንደሚበላ፣ ማሳ ሲታጨድ ለድሃ ምን እንደሚቀር፣ የሠራተኛ ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል፣ ሚዛን እንዴት እንደሚስተካከል ሁሉ አለበት።

በምኩራብ የሚነበበው ቶራ ዛሬም በእጅ የተጻፈ የብራና ጥቅልል ነው። ብራናው ሊበላ ከተፈቀደ እንስሳ ቆዳ መሆን አለበት። ጸሐፊው ከፊቱ ካለ ትክክለኛ ቅጂ እያየ፣ እየጮኸ እያነበበ፣ 304,805 ፊደላትን አንድ በአንድ ይጽፋል፤ ሥራው አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከነዚህ አንዲት ፊደል ብትጎድል ወይም ብትሰረዝ፣ እስኪታረም ድረስ ጥቅልሉ በጉባኤ አይነበብም። አርጅቶ ከአገልግሎት ሲወጣም አይጣልም፤ እንደ ሰው ይቀበራል። ጥቅልሉ የሚቀመጥበት ሣጥን የሚቆመው ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ ባለው ግድግዳ ነው፤ ሲከፈትም ሕዝቡ ብድግ ይላል። አንባቢው ጽሑፉን በጣቱ አይነካም፤ መስመሩን የሚከተለው በእጅ ቅርጽ በተሠራ መጠቆሚያ ነው። በቅዳሜ ጠዋት ሰባት ሰዎች በየተራ ወደ ንባቡ ይጠራሉ። ሰኞና ሐሙስም አጠር ያለ ንባብ አለ። መጽሐፉ በ54 ክፍሎች ተከፍሎ በዓመት አንዴ ያልቃል፤ ባለቀበት ቀንም ጥቅልሉን አቅፈው ይጨፍራሉ፣ ወዲያውም ከዘፍጥረት መጀመሪያ ይቀጥላሉ።

የቤተ እስራኤል ኦሪት ጥቅልል አልነበረም። በግዕዝ የተጻፈ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የተጠረዘ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት ከአምስቱ ጋር አብረው ይገኙበታል። ግዕዙን ሕዝቡ ስለማይሰማው ቄሱ አንብቦ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማል። መስጊድ በሚሉት ጸሎት ቤታቸው የሚያገለግሉት ቄሶች ሲሆኑ፣ መነኮሳትም ነበሯቸው፤ ትውፊታቸው የምንኩስናውን ጅማሬ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአባ ሳብራ ጋር ያያይዘዋል። ምንኩስና በሌላው የአይሁድ ዓለም የለም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ግን እሳት ላይ ነው። ዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት በመኖሪያ ቤት እሳት ማንደድን ይከለክላል። ቤተ እስራኤል ይህን እንደተጻፈ ያዙት። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳቦው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ውኃው ተቀድቶ ያልቃል፤ ከዚያ ምድጃው ይጠፋል። በዚያ በደጋ ብርድ ያለ እሳት ያድራሉ፣ ቅዳሜም የሚበላው የቀዘቀዘ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ ረቢዎች የተባሉት የአይሁድ መምህራን ደግሞ የተከለከለው በሰንበት እሳት መለኮስ እንጂ ዓርብ የተለኮሰው ሲነድ ማደሩ አይደለም ብለው ፈቱት። ስለዚህ የፖላንድ ወይም የሞሮኮ አይሁድ እናት ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ የሰንበት መብራት ታበራለች፤ ወጧም በዝግታ ሲበስል አድሮ ቅዳሜ ትኩሱን ይቀርባል። ጥቅሱ አንድ ነው፤ አንዱ ቤት በጨለማ፣ ሌላው በብርሃን ሰንበትን አከበረ።

ከረቢዎቹ ፍቺ ጀርባ ያለው የቃል ቶራ ነው። በእምነታቸው ሙሴ ሲና ላይ የተቀበለው የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን በቃል የሚተላለፈውን ማብራሪያ ጭምር ነው። ይህ በ200 እ.ኤ.አ. ገደማ ሚሽና ተብሎ ተሰበሰበ፤ በኋላም በታልሙድ ሰፋ። ቤተ እስራኤል እነዚህን መጻሕፍት አያውቋቸውም ነበር። በክንድና በግንባር የሚታሰረውን የጸሎት ማሰሪያ አላሰሩም፣ የሐኑካን በዓልም አላከበሩም። በአንጻሩ ሌሎች አይሁድ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በ70 እ.ኤ.አ. ሲፈርስ የተዉትን የፋሲካ በግ መሥዋዕት እነርሱ ሲሠዉ ኖረዋል። ወንድ የወለደች እናት 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን በተለየ ጎጆ ትቆይ ነበር፤ ይህ ከዘሌዋውያን 12 የመጣ ነው። ልጁን በ40፣ ልጅቱን በ80 ቀን ክርስትና የሚያስነሳ የከዚራ ነዋሪም ያንኑ ቁጥር ይዟል።

ከዚህ ተነሥተው ቤተ እስራኤል ከጽሑፉ ሌላ ምንም አልነበራቸውም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰንበት መቼ ይገባል፣ ምን ያስነውራታል የሚለውን የሚያብራራ ትእዛዘ ሰንበት የተባለ መጽሐፍ አላቸው፤ ከመጽሐፈ ኩፋሌም ይማራሉ። ከሁሉ በላይ ቄሱና ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ማብራሪያቸው በታልሙድ መልክ አልተጻፈም እንጂ፣ ተርጓሚ የሌለው ኦሪት አልነበራቸውም።

መጽሐፉን የቅርብ ነገር አድርገው ማየታቸው ብዙ ዋጋም አስከፍሏቸዋል። በ1862 እ.ኤ.አ. አባ ማህሪ የተባሉ መነኩሴ ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር ጉዞ ጀመሩ፤ ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነበር። ትግራይ ላይ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፤ የተረፉትም ተበታተኑ።

የኦሪትን ቦታ አሟልቶ የሚያሳየው በዓል ስግድ ነው። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ኦሪቱን በቄሶች አስይዞ ተራራ ይወጣል፤ በጎንደር አምቦበር መንደር ስግድ በድምቀት ይከበር ነበር። ላይ ሲደርሱ የሲና ሕግ አሰጣጥ ይነበባል፤ ከምርኮ የተመለሱት ሕዝብ በነህምያ ዘመን ቃል ኪዳናቸውን ያደሱበት ታሪክም ይሰማል። ይሰግዳሉ፣ ለኢየሩሳሌም ይጸልያሉ፣ ከሰዓት በኋላ ወርደው ጾማቸውን ፈትተው ይበላሉ፣ ይጨፍራሉ። ሕዝብ ሕጉን እንደገና ለመቀበል በዓመት አንድ ቀን ተራራ የሚወጣበት እንዲህ ያለ በዓል በመኖሩ አገራችን ልትኮራ ይገባታል።

በ1973 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። ከዚያም በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ ብዙዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተወሰደ። እዚያ ሲደርሱ ጥቅልሉንና ታልሙዱን አገኙ፤ ጥያቄም ገጠማቸው። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ለጋብቻ በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት ሲጠይቃቸው በ1985 ከደጁ ተቀምጠው ሳምንታት ተቃወሙ። ለኦሪት ሲል ብዙ የተሠቃየ ሕዝብ አይሁድነቱን አስመስክር ሲባል መቆጣቱ እንዴት ይፈረድበታል? በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ አገራዊ በዓል አደረገው። ዛሬ በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ ባለ ጥለት ጃንጥላ ተይዞላቸው ግዕዙን ያነባሉ።

ይህን መጽሐፍ እንደ አዲስ ማንበብ የሚሻ የድሬ ሰው ከዘዳግም ምዕራፍ 6 ቢጀምር መልካም ነው። አይሁድ ጠዋትና ማታ የሚደግሙት የአንድ አምላክ ምስክርነት እዚያ ነው ያለው፤ ሕጉን ለልጆች ማስተማር የሚለው ትእዛዝም ከሥሩ ይገኛል። ቀጥሎ ዘጸአት 19 እና 20ን፣ ከዚያም ዘሌዋውያን 19ን ያንብብ፤ ስለ ድሃ፣ ስለ መጻተኛና ስለ ሚዛን የተነገረው በዚህ ምዕራፍ ነው።