ጡብና ኀዘን

ኅዳር 12 ቀን ቅዱስ ሚካኤልን የምናከብረው ሕዝበ እስራኤልን ከግብፅ ባርነት እየመራ ማውጣቱን በማሰብ ነው። እስራኤል በግብፅ ጭቃ አቡክተው ጡብ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ድካማቸው ግን ለፈርዖን ነበር።

ከሾላ ገበያ አለፍ ብለው የሚኖሩ ባልና ሚስት ጡብ የደረደሩት ለራሳቸው ጎጆ ነው። ባል ይገነባል፤ ሚስት አሸዋና ውኃ ታቀብላለች። ግድግዳው ከመስኮት ሲደርስ የሚስት እናት አረፉ። አንደኛይቱ ክፍል የታሰበችው ለእርሳቸው ነበር። ለቆርቆሮ የተቀመጠው ገንዘብ ለተዝካር ድግስ ይዋል ተባለ፤ “ጎረቤት ምን ይለናል?” የሚል ሥጋትም ነበረ። የንስሐ አባታቸው ግን “ለነፍስ የሚጠቅማት ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ ከአቅም በላይ መደገስ አልታዘዘም” ሲሉ መከሯቸው።

እንደ ቃላቸው ሆነ። በ40ኛው ቀን ጸሎተ ፍትሐት ተደረሰ፤ ነዳያን ገና ጣሪያ ባልለበሰው ቤት ተቀምጠው እንጀራ ቆረሱ። ቆርቆሮውም ክረምት ሳይገባ ተመታ። የእናት ክፍል ዛሬ ባዶ አይደለችም፤ ጧሪ የሌላቸው የሟች እኅት ያድሩባታል።

ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ የዮሴፍን አጽም ይዞ እንደ ነበር መጽሐፍ ይነግረናል። ሕዝቡ ሙታኑን ሳይረሳ ጉዞውን ቀጠለ።

የመልአኩ ጥበቃ አይለየን፤ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ።