ሕጉ የማያንኳኳው በር

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ጥግ ላይ ነው። ከአጥሩ ማዶ በነበረው መንደር ደግሞ ከገጠር የመጡ ልጆች የሰው ቤት ያድሩ ነበር፤ ሕፃን ያዝሉ፣ ልብስ ያጥቡ፣ ድስት ይፈትጉ ነበር። እነዚህን ልጆች ትምህርት ቤት ማስገባት ለምን ይህን ያህል ከበደ?

ነገሩ ብዙ ጊዜ በክፉ ሐሳብ አይጀምርም። የአገር ሰው ወይም ዘመድ «ከተማ ወስጄ ላስተምራት» ይላል፤ ወላጅም መርቆ ይሸኛል። ደላላ ከገባበት የመሳፈሪያውና የድለላው ሒሳብ ከደመወዟ ይነሣል። የቀረውም «እኔ ጋ ይጠራቀምልሻል» ተብሎ አሠሪዋ እጅ ይቆያል። ልጅቷ ልውጣ ካለች ገንዘቧን ጥላ ነው። የሚያስራት ያልተከፈላት ወር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የባርነት ተጨማሪ ስምምነት የዕዳ ባርነትን ከልክሏል፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ጉልበቱ እንዲበዘበዝ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትንም እንዲሁ፣ ክፍያ ኖረም አልኖረም። ስለዚህ «ዘመዳችን ናት እንጂ አልቀጠርናትም» የሚለው መልስ ብቻውን ማንንም ከተጠያቂነት አያድንም።

የአገራችን ሕግ ክፍተት ሌላ ቦታ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ከልክሎ፣ ከዚያ በላይ እስከ 18 ላሉት የቀኑን ሥራ ከ7 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የሌሊት ሥራንም አግዷል። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኝነትን፣ ከወሰኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ፋብሪካ የሚገባ የሥራ ተቆጣጣሪ የሰው ጓዳ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ብሔራዊ ጥናት በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ ያሉትን ወደ 16 ሚሊዮን አድርሷቸዋል፤ አብዛኞቹ በእርሻና በከብት ጥበቃ ላይ ናቸው። የከተማዋ ትንሽ ሠራተኛ ግን ጎረቤት እንኳ «የቤቱ ልጅ» መስላው ታልፋለች።

በሩን ያንኳኩ ሰዎች ግን ነበሩ። «ብሩህ ተስፋ» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 መርካቶ አካባቢ ተጀመረ፤ ያዘጋጁት ፖፑሌሽን ካውንስል የተባለው ድርጅትና የመንግሥት የወጣቶች መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ከሰፈሩ የተመረጡ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ከትምህርት የቀሩ ልጃገረዶችን ፈለጉ። አሠሪዋን ቁጭ ብለው አነጋግረው፣ ልጅቷ ጥቂት ሰዓት እንድትለቀቅ ለመኑ፤ በቀበሌ አዳራሽም ንባብና ጽሕፈት፣ የጤናና የሕይወት ክህሎት አስተማሩ። አሠሪ ለማያውቀው ባለሥልጣን በሩን ይዘጋል፤ ለቡና ጠጪ ጎረቤቱ ግን አይዘጋም።

በእርግጥ በቀን ጥቂት ሰዓት መማር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ነፃ አያወጣም። እሷ መሆን ያለባት ቀን ትምህርት ቤት፣ ቢቻልም ከወላጆቿ ጋር ነው። ትምህርቱ መጀመሪያ የሚያስገኝላት መታየትን ነው፦ ስሟ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ስትቀር የሚጠይቃት ይኖራል፣ የተጠራቀመላትን ደመወዝ ራሷ ማስላት ትችላለች።

አሁን ግን ጎረቤቱ ራሱ ተበትኗል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ተዛውሯል፤ ዕድሩም እንደዚያው። በአዲሱ ሰፈር የጎረቤት ስም ገና አልተለመደም፤ አብራ የተጫነችውን ልጅ ማን ይጠይቃል? ስለዚህ እንዲህ ያለ ክፍል መክፈት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የቤት ሠራተኞችን ደንብ ማውጣት፣ ደመወዙ በልጅቷ እጅ እንዲገባ ማድረግ፣ ዕድሮችም በአዲሱ ሰፈር ሲቋቋሙ በየግቢው ያሉትን ልጆች ቆጥረው እንዲይዙ መጠየቅ ነው።