ትንሹ ባቡር በሐዲዱ ላይ ሲቆም



ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሥፍራ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱን በቤቱ ጠረጴዛ ላይ በሞዴል ሊያሳይ የሚወድ ሰው፥ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንሰውን መጠን ቢመርጥ፥ ለአሮጌው መሥመር 12፥ ለአዲሱ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ያስፈልገዋል። ዛሬ የምንናገረው በእነዚህ ትንንሽ ባቡሮች የዲጂታል መቆጣጠሪያ ላይ ስለሚደርሰው እክል ነው።

በቀድሞው ዘዴ ባቡሩ የሚፈጥነውና የሚዘገየው ወደ ሐዲዱ የሚላከው ቮልት ሲጨመርና ሲቀነስ ነበር። ስለዚህ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ሁለት ባቡሮች አብረው ይሄዳሉ፤ አብረውም ይቆማሉ። በዲጂታሉ ዘዴ ግን ኃይሉ ዘወትር ሙሉ ሆኖ በሐዲዱ ላይ ይገኛል፤ ትእዛዙም በዚያው ኃይል ይላካል። በየሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠችው ዲኮደር የምትባል ጥቂት ጥፍር የምታህል ዕቃ፥ የራሷ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ትእዛዙን ትፈጽማለች።

ኃይልና ትእዛዝ በአንድ መንገድ ስለሚመጡ፥ መንገዱ ሲቆሽሽ ሁለቱም ይቋረጣሉ። ባቡሩ እየተንገጫገጨ ቢሄድ፥ መብራቱም ብልጭ ድርግም ቢል፥ ብዙ ሰው ዲኮደሯ ተበላሸች ብሎ ሎኮሞቲቩን ለመፍታት ይቸኩላል። ዳሩ ግን በድሬዳዋ ከተማም ሆነ እንደ ዋሂል ባሉት የገጠር ቀበሌዎቿ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አቧራ መሆን አለበት። አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ በመንኰራኵሩ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። በንጹሕ አልኮል የራሰ ጨርቅ በሐዲዱ ላይ ዘርግቶ፥ የሎኮሞቲቩን ግማሽ መንኰራኵር በጨርቁ ላይ፥ ግማሹን በባዶው ሐዲድ ላይ አድርጎ ማሽከርከር ይበቃል። የብርጭቆ ወረቀት የሚጠቀሙም አሉ፤ እኛ አንመክርም፤ የሚተወው ጭረት ቆሻሻውን መልሶ ይይዛልና።

ባቡሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከቆሙ ነገሩ ሌላ ነው። ምናልባት አንዱ መንኰራኵር ከሐዲዱ ወጥቶ ሁለቱን ሐዲዶች አገናኝቷል፤ መቆጣጠሪያውም ራሱን ለማዳን ኃይሉን ዘግቷል። ሌሎቹ እየሄዱ አንዱ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ቁጥሩን መርምሩ። አዲስ ዲኮደር ከፋብሪካ የምትወጣው በቁጥር 3 ነው፤ ባለቤቱ ቁጥሯን ለውጦ ሲረሳ፥ ደኅናዋን ዲኮደር ሞታለች ብሎ ይጥላታል።

በእውነት የምትቃጠልበት ጊዜም አለ፤ ይኸውም በአብዛኛው አሮጌ ሎኮሞቲቭ ወደ ዲጂታል ሲለወጥ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሎኮሞቲቮች ከሞተሩ ሁለት ጫፎች አንዱ ከብረቱ አካል ጋር፥ አካሉም ከሐዲዱ ጋር ይገናኛል። በዚህ ሁኔታ ዲኮደሯ ብትገባ፥ ኃይሉ እንደ ተከፈተ ትቃጠላለች፤ ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የመጣችው ዕቃም በቅጽበት ከንቱ ትሆናለች። ስለዚህ አስቀድሞ፥ ኃይል ሳይኖር፥ የቴስተሩን አንዱን ሽቦ በሞተሩ ጫፍ፥ ሁለተኛውን በአካሉ፥ ቀጥሎም በየመንኰራኵሩ ላይ አኑሩ። የሞተሩ ሌላ ጫፍም እንዲሁ ይመርመር። ቴስተሩ መገናኘታቸውን ካሳየ፥ ሞተሩ በፕላስቲክ እስኪለይ ድረስ ዲኮደሯ ከመያዣዋ አትውጣ።