ድርብ መስተዋት ጉም ሲይዝ

ድርብ መስተዋት ያለው መስኮት ሙቀትንና የመንገድ ጫጫታን የሚቀንስ በመሆኑ ገዢው ዋጋው ከነጠላው ቢበልጥም ይመርጠዋል። ይሁን እንጂ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ጉም ያየ ባለቤት ወደ ሻጩ ሱቅ ተመልሶ መፍትሔ መጠየቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ደንበኛውን ወይ ያቆያል፣ ወይ ያሸሻል።

የመስተዋቱ አሠራር የሚከተለው ነው። ሁለቱ መስተዋቶች በዙሪያቸው በገባ ውስጠ ክፍት ዘንግ ተራርቀው ይቆማሉ። በዘንጉ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ቅንጣት ይሞላል፤ ጠርዙም አየር እንዳያስገባ ይታሸጋል። ማሸጊያው በፀሐይ ሙቀት፣ በክፈፉ ሥር በሚያቁር ውሃና በዕድሜ ብዛት ሲላቀቅ እርጥብ አየር ይገባል። ቅንጣቱ የሚችለውን ያህል ከመጠጠ በኋላ ትርፉ በመስተዋቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል።

ባለቤቱ በቤቱ አስቀድሞ ሊያደርግ የሚገባው መስተዋቱን ከውስጥም ከውጭም በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። ጉሙ ከጠፋ ማሸጊያው ደኅና ነው፤ ካልጠፋ ግን ጉዳቱ በመካከል ነው። አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ጠርዙን ሲሊኮን ይቀቡታል፤ ይህም የገባውን እርጥበት በውስጡ ዘግቶ ከማስቀረት በቀር ጥቅም የለውም። ሌሎች መስተዋቱን በመሰርሰሪያ በስተው ያደርቁታል። እይታው ለጊዜው ቢጠራም የቀድሞው ሙቀት የመከላከል ኃይሉ አይመለስም። መስተዋቱ በሙቀት የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ሲበሳ ይሰባበራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የችኮላ ጥገና ሁለተኛ ወጪ ይጠራል።

ትክክለኛው ጥገና ክፈፉን ሳይነኩ የታሸገውን ድርብ መስተዋት ብቻ በአዲስ መተካት ነው። ለዚህም ወርዱን፣ ቁመቱንና ጠቅላላ ውፍረቱን በጥንቃቄ መለካት ያስፈልጋል። ለምሳሌ እያንዳንዱ መስተዋት 4 ሚሊሜትር፣ ክፍተቱም 12 ሚሊሜትር ቢሆን ጠቅላላው 20 ሚሊሜትር ይሆናል። አዲሱ መስተዋት ከሥሩ በፕላስቲክ መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት። በክፈፉ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም መጠረግ ይገባቸዋል፤ እነርሱ ከተደፈኑ አዲሱም ማሸጊያ እንደ አሮጌው ይበላሻል።

አስመጪውም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ጠረፍ አገር የታሸገ መስተዋት የዚያን አገር አየር በውስጡ ይዞ በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው አየር መስተዋቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ማሸጊያውም ገና ሳይሸጥ ይጨነቃል፣ መስተዋቱም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህን ለመከላከል አስመጪው ትእዛዝ ሲሰጥ ዕቃው የሚገጠምበትን ከፍታ ለፋብሪካው በጽሑፍ ማስታወቅ፣ ግፊቱን የሚያስተካክል ቀጭን ቧንቧ እንዲገባለትም መጠየቅ ይገባዋል። ክፍት የሚቀር ቧንቧ ከሆነ አርገን የተባለው ጋዝ በዚያው ሾልኮ ስለሚወጣ ለጋዙ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል ከንቱ ነው። መስተዋቱ እዚሁ የሚታሸግ ከሆነ ግን የግፊቱ ችግር አይነሣም።

በትእዛዝ ደብዳቤ ላይ የምትጨመር አንዲት መስመር ነጋዴውን ከብዙ ክርክር፣ ደንበኛውንም ከድጋሚ ወጪ ታድናለች።